አንድ ቃል እስኪዘጋ

ሰኔ 11

ወንድምጋሼ፣

በሰላምታ ልጀምር ነበር። አንተ ግን ባለፈው ደብዳቤህ ጤናዬን ሳትጠይቅ «ልብስ ሲታጠብ የአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቢሄድ ሰው ምን ይላል?» ብለህ ስለጀመርክ፣ እኔም ከዚያው ልነሳ። ለቀቀ ነው የሚባለው። ቀዩ ሸሚዝ ለቀቀ፣ የሴትዮዋን ነጭ አንሶላ ሮዝ አደረገው፣ ሴትዮዋም አፏን ለቀቀችብኝ። ላውንደሪ ውስጥ ያደግክ ሰው ይህን ከእኔ መጠየቅህ ገርሞኛል።

ስቶኪንግ ከአንድ ቦታ ተይዞ እስከ ታች ከሄደ ተተረተረ እንላለን። የአፍንጫውን ደግሞ አልነግርህም። ልጅ ሆነህ እማማ በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገችልህ ምን ትል እንደነበር ራስህ አስታውስ።

ይህ ሁሉ የአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ፍቺ ነው ብለህ ስትጽፍልኝ አላመንኩህም። እኛን ትምህርት ቤት «ረን» ማለት ሮጠ ነው ብለውን፣ ሮጠ ብለን ፈተና አልፈናል። አንተ ይኸው አንድ ዓመት ተኩል ለመዝገበ ቃላቱ ከዚያ ቃል ጋር ትታገላለህ፤ ሮጦ አመለጠህ መሰለኝ።

አሁን የእኔ ወሬ። የባቡር ነጂዎች ማሠልጠኛውን ፈተና አልፌያለሁ። አዎ፣ እኔው። ትምህርቱ የሚጀመረው መስከረም 20 ነው፤ በዚያ ቀን ያልተገኘ ሰው ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ከተማው ከዚህ የአንድ ሌሊት መንገድ ስለሆነ እየተመላለስኩ የምማረው አይደለም። አባባን ማን ይይዛል የሚለውን ጥያቄ አብረን የመለስነው መስሎኛል፤ «ቃሉ ይዘጋልኝ እንጂ መጥቼ ሱቁንም አባባንም እረከብሻለሁ» ብለኸኛል። እንግዲያው አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ቃሉ መቼ ነው የሚዘጋው?

ስለ አባባ በመጨረሻው መስመር ለጠየቅኸው፣ ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል።

እህትህ


ሐምሌ 2

ሚጡዬ፣

እንኳን ደስ ያለሽ! ለቢሮው ሁሉ አወራሁ። ታይፒስቷ «ባቡር ስትነዳ አንድ ቀን እሳፈራለሁ» ብላለች። ጤናሽን ሳልጠይቅ በመጀመሬ ደግሞ ይቅር በይኝ፤ እዚህ የሚቀመጥ ሰው ወግ እየረሳ ይሄዳል።

በፖስትካርዱ ላይ «መሥሪያ ቤት ነው ወይስ ወህኒ ቤት?» ብለሽ ለጻፍሽው ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄን ተውኩት። ክፍላችን ምድር ቤት ነው። መስኮቱ የሚያሳየው የመንገደኛ እግር ብቻ ነው፤ ሰውን በጫማው መለየት ጀምሬያለሁ። አራቱም ግድግዳ መሳቢያ ነው፣ መሳቢያው ሁሉ ካርድ ነው። ለእያንዳንዱ ፍቺ አንድ ካርድ አለ፤ ካርዱ ላይ አንድ ሰው በእውነት ተናግሮት ወይም ጽፎት የተገኘ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ከሌለበት ዋና አዘጋጁ አይፈርሙበትም። ከራሳችን ፈጥረን መጻፍ ክልክል ነው። «የፈጠራ ምሳሌ የሐሰት ምስክር ነው» ይላሉ። ካርድ ባቀረብንላቸው ቁጥር «ጥሩ ነው፣ ቀጥል» ስለሚሉን በሌሉበት አባ ቀጥል እንላቸዋለን።

ጥለህ ለምን አትመጣም ላልሽው፣ ደንቡ ቃሉን የከፈተ ሰው ራሱ ይዝጋው ይላል። ሳይዘጋ የሚወጣ የሥራ መልቀቂያ አይሰጠውም፤ ያለዚያ ወረቀት ደግሞ በዚህ ሙያ ማንም አይቀጥረኝም። ከእኔ በፊት ይህን ቃል የያዙት ሰውዬ ጡረታ ወጡበት። እኔ ስረከብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አጭር ቃል ነው፣ ሦስት ፊደል፣ በአንድ ወር እጨርሰዋለሁ ብዬ። ሰው ይሮጣል፣ እሺ። ግን በዚያው ቃል ውሃ ይፈሳል፣ ሞተር ይሠራል፣ አውቶቡስ ይመላለሳል፣ ሰው ለምርጫ ይወዳደራል፣ ድርጅት ያስተዳድራል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ መኪና ሰው ይገጫል፣ ዘይት ያልቃል፣ አመል ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። አንዱን ዘጋሁ ስል ከሥሩ ሁለት ብቅ ይላሉ።

ደብዳቤሽ ግን ነፍስ ዘራብኝ። «ቀዩ ሸሚዝ ለቀቀ» የምትለዋን እንዳለች ገለበጥኳት፣ አባ ቀጥልም ፈረሙባት። አሁን ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ እርሳስ ይዤ ነው። ጻፊልኝ፣ ብዙ ጻፊልኝ።

መቼ ላልሽው፣ ነሐሴ መጨረሻ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አላድርም።

ወንድምሽ


ሐምሌ 24

ወንድምጋሼ፣

ነሐሴ መጨረሻ ማለትህን ለአባባ ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ።

«ምን አለ?» ብለህ እንደምትጠይቅ ስለማውቅ፣ የደበቅኩህን ልንገርህ። ግንቦት ላይ ሁለተኛው ስትሮክ መትቶታል። ቀኝ ጎኑ ጨርሶ አይታዘዝም፤ ከአፉም አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረችው። «ቆይ» ይላል። ውሃ ሲጠማው ቆይ፣ ሲያመው ቆይ፣ ሬዲዮኑ ያልወደደውን ሲያወራ ቆይ፣ ሳቅፈው ቆይ። ጎረቤታችን መጥተው አዩትና «ሴት ልጁንማ ቆዪ ይላት ነበር፤ ወንዱን እየጠራ ነው» አሉ። አይደለም አልኳቸው። ምላሱ እዚያች ላይ ተይዞ ነው እንጂ ማንንም አይጠራም። ያልነገርኩህ ሥራህን እንዳልበጠብጥብህ ብዬ ነው። እባክህ፣ ይህችን ካርድ ላይ እንዳትጽፋት።

ቀኔ እንዴት እንደሚውል በፖስትካርድህ ጠይቀኸኛል። ጠዋት አጥባለሁ፣ ከሰዓት እተኩሳለሁ፤ ካውያው ሲተነፍስ አንድ ጆሮዬ ግድግዳው ጋ ነው፣ አባባ ከዚያ ማዶ ስለሆነ። ልብስ ላደርስ ስወጣ በሩን ቆልፌበት እሄዳለሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ሰዎች መንገድ ላይ አቁመው ያጫውቱኛል፣ እኔ እግሬ አይቆምም። ስመለስ ቁልፉን ሳዞር ሁልጊዜ ትንፋሼን እይዛለሁ።

«ቤቱን ማን ያስተዳድራል» ለሚለው ምሳሌ ፈልገሃል። ቤቱ እኔን ያስተዳድራል። ይህን ከፈለግክ ገልብጠው።

ማሠልጠኛው ዩኒፎርም እንዲሰፋልን ቁመታችንን ጠይቆ ላከ። ልኬን ስወስድ መስተዋት ፊት ቆሜ ብዙ ቆየሁ።

እህትህ


ነሐሴ 26

ሚጡዬ፣

ስለ አባባ ያነበብኩ ቀን ሥራ አልሠራሁም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የሰው ጫማ ሲያልፍ ሳይ ዋልኩ። ልጅ ሆኜ ትከሻው ላይ አድርጎኝ የተተኮሰ ልብስ ስናደርስ፣ ያን ሁሉ ተረት የሚያወራልኝ ሰው በአንድ ቃል ቀረ ብሎ ማሰብ አልቻልኩም።

አሁን የምነግርሽን እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዎቹን ካርዶች አስሬ አቀረብኩ። አባ ቀጥል መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ ከዚያ አንድ የቆየ ጋዜጣ ከኪሳቸው አወጡ። ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል በመንጋ ሆኖ ወንዝ ሽቅብ ሲወጣም ያው ቃል ነው አሉ። «የዓሣውን ዘለልከው?» አሉኝ። ዓሣ አጥማጅ ፈልገህ ምን እንደሚል ጠይቅ ተባልኩ። የት አባቴ ነው እኔ ምድር ቤት ተቀምጬ ዓሣ አጥማጅ የማገኘው? ዓሣውን ስፈልግ ደግሞ ሌላ ተገኘ፣ ከዚያ ሌላ።

መስከረም አጋማሽ፣ ቢረዝም መስከረም መጨረሻ። ማሠልጠኛውን አንድ ወር ብቻ አስፈቅጂልኝ፣ የታመመ አባት አለኝ ብትያቸው ይገባቸዋል። ትንሽ ታገሺኝ። ያንቺ ምሳሌዎች ባይኖሩ ገና ግማሽ ላይ ነበርኩ።

ወንድምሽ


መስከረም 4

ወንድምጋሼ፣

ጠይቄያቸው ነበር፤ አንድ ቀን አይጨምሩም። ተጠባባቂዋ ከአሁኑ በየቀኑ በራቸው ላይ ቆማለች አሉኝ። አልፈርድባትም።

በፖስትካርድህ «አባባ እንዴት ከረመ?» ብለሃል። ማክሰኞ ኮት ላደርስ ወጣሁና ዝናብ ያዘኝ። ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ደጃፍ ተጠግቼ ቆምኩ። ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። በአልጋውና በግድግዳው መካከል ወድቆ፣ ፊቱ ከግድግዳው ተጣብቆ አገኘሁት። ሽንቱ ሥሩ ቀዝቅዞ ነበር፤ ብዙ እንደቆየ ያወቅኩት በዚያ ነው። ስጣራ ስላልመለሰልኝ የሞተ መስሎኝ ነበር። አነሳሁት፣ አጠብኩት፣ አስተኛሁት። ከዚያ ካውያ ክፍል ገብቼ በሰው አንሶላ አፌን ይዤ አለቀስኩ።

በሐምሌ ነሐሴ አልከኝ፣ በነሐሴ መስከረም አልከኝ። ላም አለኝ በሰማይ ነው የአንተ ነገር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ ከልብህ ብትፈልግ መንገዱ አይጠፋህም ነበር። ትዕግሥቴ አልቋል። መስከረም 18 ከዚህ ቤት እወጣለሁ፣ ብትመጣም ባትመጣም። ካልመጣህ አባባን ጥዬው ልሸሽ ነው። ይህን ስጽፍ እንባዬ እየወረደ ወረቀቱን እያበላሸብኝ ነው፤ ግን ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

ጥያቄ እንዳትልክልኝ። እመጣለሁ ወይም አልመጣም በለኝ።

እህትህ


መስከረም 12

ሚጡዬ፣

ደብዳቤሽ ጠዋት ገባ። እንዴት ያለ ደብዳቤ ነው! ስኳር አለቀ፣ ሳሙና አለቀ የሚል ሞልቶናል፤ «ትዕግሥቴ አልቋል» የሚል ግን በሰው እጅ የተጻፈ አጥተን ስንት ሳምንት ስንባዝን ከረምን። «ጥዬው ልሸሽ ነው»ም እንደዚሁ። ሦስት ካርድ ወጣው፤ ሦስቱም በአንድ ቀን ተፈረሙ። አባ ቀጥል ሁለት ጊዜ አንብበው «ይህች ልጅ ማን ናት?» አሉኝ። እህቴ ናት አልኳቸው፣ ኩራት ኩራት እያለኝ።

አንዷን ብቻ አብራሪልኝ። እንባ ወረደ ነው ወይስ ፈሰሰ የምትሉት? በእናንተ ዘንድ የትኛው ይበዛል? እሷ ከተስተካከለች ያ መሳቢያ ተዘጋ ማለት ነው።

ስለ ጉዞሽ በሚቀጥለው ፖስታ በሰፊው እጽፍልሻለሁ። አባባን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


መስከረም 17

ወንድሜ፣

ሁለቱም ይባላል። ወረደም፣ ፈሰሰም።

አባባን ይዤው እሄዳለሁ። ልጥለው አልቻልኩም፤ ለአንተ ስጽፍም እንደማልችል ሳላውቀው አልቀረሁም። እዚህ ያደረ ልብስ ሁሉ ለየባለቤቱ ተመልሷል፣ ማሽኑ ተሽጧል፣ ሱቁን አከራዩ ነገ ይረከባል። ሳሙና የሚያመጣልን ሾፌር ከጭነቱ መካከል ፍራሽ ዘርግቶ ሊወስደን ነው። አባባ ዕቃው ሲጠቀለልና ሲታሰር እያየ ተቆጣ፤ ሠላሳ ዓመት የሠራበት ቤት ነው።

አድራሻችንን ከታች ጽፌዋለሁ። የምሰጥህ አባባ አንድ ነገር ቢሆን አልሰማሁም እንዳትል ነው። ለቃላት ሌላ ሰው ጠይቅ።


ጥቅምት 6

እህቴ፣

ምን ብዬ እንደምጠራሽ ስለማላውቅ በዚህ ጀመርኩ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሄጄ መሳቢያውን ከፈትኩ። «ጥዬው ልሸሽ ነው» ይላል፣ በእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ በጥሩ ቀለም። ከሥሩ ምንጩ በሚለው መስመር «ሴት፣ የላውንደሪ ሠራተኛ» ብዬ ጽፌያለሁ። እህቴ እንኳ አላልኩም። ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ዋናውን ደብዳቤ አውጥቼ ያለ እርሳስ አነበብኩት። አባባ መውደቁን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ማለቴ፣ ዓይኔ ቀደም ብሎ አልፎበታል፤ እኔ ግን ግሡን እያሳደድኩ ነበር። ይህን ለሰው መንገር ያሳፍራል። ታይፒስቷ ባለፈው ወንድሟ መሞቱን ስትነግረኝም «አረፈ» ነው ያለችው ወይስ «ሞተ» እያልኩ ሳስብ ራሴን ያዝኩት። እዚህ ገብቼ ሰው መስማት አቁሜያለሁ።

ይቅርታሽን እለምናለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትይኛለሽ፣ እውነትሽን ነው። ቃሉን ልዘጋ ጥቂት ቀርቶኛል፣ መልቀቂያዬ እጄ ሲገባ በማግስቱ እነሳለሁ። እስከዚያ ግን ንገሪኝ፤ ማሠልጠኛው እንዴት ነው? አባባን ማን ይጠብቅልሻል? ስለ እኔስ ይጠይቃል? ብመጣ ፊቴን ማየት ትፈልጊያለሽ?

ወንድምሽ


ጥቅምት 28

ወንድምጋሼ፣

የውሻውን ተረት አንተው ስለተረትከው እኔ አልደግመውም።

አባባ ስለ አንተ አይጠይቅም። በምን አፉ ይጠይቅ? ፎቶህን ሳሳየው ግን ከእጄ ቀምቶ ያዘው፣ ሳስተኛው አልሰጥም አለኝ። ፊትህን ማየት እፈልግ እንደሆነ ለጠየቅኸው፣ እፈልጋለሁ። ተናድጄብህም እፈልጋለሁ። አንድ አንተ ነህ ያለኸኝ።

የተከራየኋት ክፍል ከባቡር ጋራዡ ጀርባ ናት። ሁለት አልጋ ከገባባት በኋላ ለመዞር ወደ ጎን መሄድ አለብን። የዘበኛው ባለቤት ቀን ቀን አባባ ጋ ይቀመጡልኛል፤ ደግ ሴት ናቸው፣ ወሬያቸው አያልቅም፣ እሱም የወደዳቸው ይመስለኛል። ትምህርቱን እወደዋለሁ። የሞተሩን ድምፅ ሰምቼ ምን እንደጎደለው መናገር ጀምሬያለሁ። ማታ ግን ሌሎቹ ተሰብስበው ሲያጠኑ እኔ በር ላይ ቆሜ ሳቃቸውን እሰማለሁ፤ ከደጃፉ አልፌ መሄድ አልችልም። ከአንዱ ቤት ወጥቼ ወደ ጠበበው የገባሁ የሚመስለኝ ቀን አለ። አባባን የጠላሁት ሌሊትም አለ፤ ጠዋት እግሩን ሳጥብ ይቅር በለኝ እለዋለሁ።

አሁን ስማኝ። ኅዳር 12 የመጀመሪያው የመንዳት ፈተናዬ ነው። ጎህ ሳይቀድ ገብተን ማታ ነው የምንወጣው። የቀረ ሰው አይደገምለትም፣ ይሰናበታል። የዘበኛው ባለቤት በዚያው ሳምንት ልጃቸው ልትወልድ ስለሆነ ወደ እሷ ይሄዳሉ። ሌላ ሰው ለምኜ አጣሁ። በር ቆልፌበት አልሄድም፤ አንዴ ቆልፌ አይቼዋለሁ። ካልመጣህ እቀራለሁ።

መልቀቂያ፣ ጥቂት ቀረኝ፣ በማግስቱ፣ እነዚህን ሁሉ አልሰማም። አትጻፍልኝ። ና።

እህትህ


ኅዳር 7

ሚጡዬ፣

አትጻፍ ብለሽኛል፤ ግን ይህች ቀድማኝ ትድረስና እፎይ በይ ብዬ ነው። እመጣለሁ። ኅዳር 11 ማታ የሚነሳውን ባቡር እይዛለሁ፣ ከጎህ በፊት ይገባል።

አባ ቀጥል ጋ ገብቼ ፈቃድ ጠየቅኩ። «ዝጋውና ሂድ፣ የዓሣው ብቻ ነው የቀረህ፣ ቀጥል» አሉኝ። ወጣሁ፣ መሳቢያዬን ነቅዬ ይዤ ተመለስኩ፣ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። «እርስዎ ይቀጥሉ» አልኳቸው። እጄ ስንቅ ያጣ ሰው እጅ መስሎ ተሰማኝ፤ ደስ አላለኝም፣ ፈራሁ። መልቀቂያ አልሰጡኝም፣ ዳግመኛም በዚህ ሙያ የሚቀጥረኝ ያለ አይመስለኝም። ያን ሁሉ ጊዜ በሩ አልተቆለፈም ነበር እኮ፤ ይህ ነው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ከመስከረሙ ደብዳቤሽ የቀዳኋቸውን ሦስት ካርዶች አውጥቻቸዋለሁ። ሳላስፈቅድሽ የወሰድኳቸው ናቸው።

አንድ ነገር ግን አላውቅም፤ አባባን እንዴት እንደምይዘው። እንዴት ይበላል? እንዴት ይነሳል? እንዳልጎዳው እፈራለሁ። ጻፊልኝ አልልሽም፣ ስመጣ ታሳይኛለሽ።

ወንድምሽ


ኅዳር 12፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ጠረጴዛው ላይ

ወንድምጋሼ፣

ባቡርህ ዘግይቷል፤ ከጋራዡ ደውለው ነገሩኝ። እኔ መቆየት አልችልም። ዘበኛው ተራው እስኪደርስ አባባ ጋ ይቀመጥልኛል፣ ከዚያ በኋላ ግን ሥራ አለው። ስለዚህ ማሳየት የነበረብኝን እየቸኮልኩ ልጻፍልህ።

ሲበላ ቀና አድርገው፣ በግራ ጉንጩ በኩል አጉርሰው፤ በቀኙ ከሰጠኸው ያንቀዋል። ውሃ በማንኪያ ነው። ስታለብሰው መጀመሪያ የማይታዘዘውን እጁን አስገባ፣ ስታወልቅለት መጨረሻ። ስታነሳው አንገትህን ያቅፋል፣ ከባድ ነው፣ ጉልበትህን እጠፍ። መጸዳጃ ሲፈልግ ብርድ ልብሱን ይገፋል፤ ከገፋ አትዘግይ። ይቆጣል፣ ምናልባት በደህናው እጁ ይመታሃል፤ አትደንግጥ፣ እኔንም ይመታኛል። ካለቀሰ ፊትህን አዙርለት፤ ሲያዩት አይወድም። አንተም ብታለቅስ ምንም አይደለም።

ስታየው እንዳትሸበር። ከምታስታውሰው ሰው በጣም ያንሳል።

ተቀይማኛለች ብለህ እንዳትሳቀቅ። ተቀይሜሃለሁ፣ ማታ እንነጋገርበታለን። ሾርባው ድስት ውስጥ አለ፣ የአንተም አለበት።

ደርሰህ ታነበዋለህ ብዬ አምኜ ነው የምወጣው። ይህን ያህል ያመንኩት ሰው የለም፤ ልቤም እየፈራ ነው። ስመለስ ሁለታችሁንም ላግኛችሁ።